ባለ ሸራው ማኪና

ደብዳቤው የደረሰን ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ዝናቡ ገና አልለቀቀም። ይዘውት የመጡት ሊያገባኝ የጠየቀው ሰው አጎት ነበሩ። የራሰ ጋቢያቸውን ምድጃው አጠገብ አሰጡና ፖስታውን ለአባቴ ሰጡት፤ አባቴም ለእኔ አሻገረው። አባቴ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል፤ የእጅ ጽሑፍ ግን አይሆንለትም። በቤታችን ደብዳቤ የማነብ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንግዳ ባለበት መናገር ያስጨንቀኛል። እንኳን ያኔ ዛሬም ያስጨንቀኛል። ማንበብ ግን ይቀለኛል፤ ቃሉ የሌላ ሰው ነውና።

ሰውየው በአሥመራና በጎንደር መካከል ዕቃ የሚያመላልሱ ሁለት የጭነት ማኪናዎች አሉት። በጥምቀት ዕለት ቀሐ ወንዝ ዳር አየኋት ብሏል፤ እኔ አላየሁትም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሁለት ጊዜም አባቴ መልሷቸዋል። ሁለቱንም ጊዜ ያላቸው አንድ ነገር ነው፤ ገና ልጅ ናት፣ የምትፈልገውን አታውቅም፣ ትማር። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ለመስከረም ስሜ ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ተጽፏል። በዚያ ክረምት የማስበው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ አባቴ መስከረም እስኪጠባ እምቢታውን ይዞልኝ ይቆይ እንደሆነ።

ደብዳቤው ከሰላምታው ቀጥሎ ስለ ማኪና ነበር። አሥመራ በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ሁለት የሽቅድምድም ማኪናዎች ቆመዋል፤ ቀለማቸው ቀይ፣ ወንበራቸው ሁለት ሁለት ብቻ። የሚለያዩት በጣሪያቸው ነው። የአንዱ ብረት ነው፤ የሌላው ሸራ ሆኖ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ፎቶግራፋቸውም ፖስታው ውስጥ ነበር። የመጨረሻውን መስመር እንደ ሌላው ሁሉ ሳላቋርጥ አነበብኩት፤ ልጅዎ የወደደችውን ትንገርዎ፣ እኔም እሱን እገዛለሁ ይላል። መዝለል እችል እንደነበር የታየኝ ካነበብኩት በኋላ ነው።

ፎቶግራፎቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። እናቴ ሁለት ወንበር ብቻ ካለው ሚዜዎቹ የት ሊቀመጡ ነው ብላ ጠየቀች። አጎትየው ሚዜዎቹ ከኋላ በጭነቱ ማኪና ከበጎቹ ጋር ይመጣሉ ብለው አሳቋት። አባቴ ግን የባለ ሸራውን ፎቶግራፍ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግቶ ብዙ ጊዜ አየው። «ይህ ምነው ራቁቱን ቆመ?» አለ። «በዚህ ላይ ሙሽራ ተቀምጣ ስትሄድ የሰው ዓይን ይበላታል።»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አጎትየው በማግስቱ በአውቶቡስ ስለሚመለሱ መልሱን ይዘው መሄድ ነበረባቸው።

ዝም ልል አሰብኩ። ግን ታላቅ እህቴ የተዳረችው ዝም ብላ ነው። ስትጠየቅ አንገቷን ደፋች፤ አፈረች፣ ወዳለች አሉና እልል ተባለ። ባለ ብረቱን ብል ደግሞ ማኪናውንም ሰውየውንም ተቀበልኩ ማለት ነው። ፎቶግራፎቹ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳያቸው የሁለቱም በር ወደ አንድ ቤት የሚያስገባ መሰለኝ። ያን ጊዜ የአባቴ ንግግር ትዝ አለኝ። ክፍቱን ብመርጥ አባቴ ይቆጣል፤ ልጄ ራቁቷን በገበያ መሐል አትሄድም ይላል፤ ነገሩም በዚህ ይፈርሳል። ያን ያህል ብልሃት ከእኔ መውጣቱ ራሴንም ገረመኝ። ጣቴን ባለ ሸራው ላይ አደረግሁ።

«በጣት አይላክም፤ በአፍሽ ንገሪኝ ልጄ» አሉ አጎትየው።

«ክፍቱ ይሁን፣ አያ» አልኩ። ድምፄ ለራሴ የሌላ ሰው ሆነብኝ።

አጎትየው ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። ዓይነ አፋር ናት፣ አንገቷን ቀና አታደርግም የተባለችው ይህች ናት ወይ፣ ጎንደር ሁሉ እንዲያያት ነው እንጂ የፈለገችው ብለው ከእናቴ ጋር ይቀልዱ ጀመር። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። እኔ የምጠብቀው የአባቴን ቁጣ ነበር። አባቴ አልተቆጣም። ፎቶግራፎቹን ሰብስቦ ወደ ፖስታው መለሳቸው።

«ሁለት ጊዜ ሽማግሌ የመለስኩት የምትፈልገውን አታውቅም ብዬ ነው» አላቸው። «ለካ ታውቃለች። እንግዲህ ምን እላለሁ? ሰጥቻለሁ።»

እናቴ እልል አለች። እኔ እንጨት ላመጣ ብዬ ወጣሁና ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ።

በማግስቱ አጎትየው ከሄዱ በኋላ አባቴ ግቢ ውስጥ የበግ ቆዳ ሲወጥር አገኘሁት። ያን ያህል ንግግር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እርስዎ እምቢ እንዲሉ ብዬ ነው የመረጥኩት አልኩት፤ ማኪናም ባልም አልፈልግም፣ ትምህርት ቤት ነው የምፈልገው አልኩት። ችካሉን መምታት አቆመ።

«ምነው ትናንት ዝም ብትዪ?» አለ። «ለሦስተኛ ጊዜ ልመልሳቸው ቃሉ አፌ ላይ ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ።»

እምቢ ብለናል ብዬ ደብዳቤ ብጽፍላቸውስ ብዬም ጠየቅሁት። በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይመለስም አለና ችካሉን መምታት ቀጠለ። ምቱ ግን ልክ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ጣቱን መታ። መስከረም ሲጠባ ጓደኞቼ ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ በአጥሩ በኩል አየኋቸው። በጥር ተዳርኩ።

የመጣው ባለ ብረቱ ነው። ባለ ሸራውን አንድ የአሥመራ ሰው ቀድሞ ገዝቶት ኖሯል። ባሌ ይህን የነገረኝ በሠርጋችን ሳምንት፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ቀስ ብሎ ነው። አለቀስኩ። ከሠርጉ ወዲህ ማልቀሻ ሰበብ ስፈልግ ነበር። እሱ ግን ስለ ማኪናው የተከፋሁ መሰለው። ሸጋ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ እንደሆነ አንዳንዴ አስባለሁ።

አሁን የምንኖረው አዘዞ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አሥመራ በሚወስደው መንገድ ይዞኝ ይሄዳል። ነጠላዬ ጣሪያውን ይነካል። ከተማውን ለቀን አቀበቱን ስንያያዝ እጁን በእኔ ላይ አሻግሮ የእኔን መስኮት እስከ ታች ዝቅ ያደርግልኛል። «ይኸውልሽ ነፋሱ» ይለኛል፤ «እንደዚያኛው ነው።» እኔም እግዜር ይስጥህ እለዋለሁ።