እጅ እንደነሳ የቀረው የእንጨት ሰው

ዛሬ ሞጣ፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ፣ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ አጎንብሶ የኖረው የእንጨት ሰው ቀና አለ!

የሠሩት የቀድሞው የእጅ ሥራ መምህር ጋሽ አለሙ ናቸው። ያኔ የአውራጃው ገዥ ሊጎበኙ ሲመጡ፣ በሞላ የሚንቀሳቀሰው የእንጨት ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ወዲያው ውስጡ ያለው ሞላ ተበጠሰና እዚያው ቀረ።

«መበላሸቱን ማንም አላወቀም» አሉኝ ጋሽ አለሙ እየሳቁ። «ገዥው ቀና በል እስኪሉት የሚጠብቅ መስሏቸው፣ ‹እንዴት ያለ ጨዋ ነው!› አሉ።»

(እኔም ስብሰባ ላይ ዝም ስል ጨዋ ነው ይሉኛል።)

ዛሬ አንድ መካኒክ ከቢቸና መጥቶ የባጃጅ ሞላ ገጠመለት። የእንጨቱ ሰው ሲጥ ሲጥ እያለ ቀና ሲል፣ ጋሽ አለሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው እሳቸው እጅ ነሱት።

እናንተስ ጋ ጨዋ ነው እየተባለ ሳይጠገን የኖረ የለም?