«ሉክ አፍተር» በእትዬ ግቢ

አሰላ የተመደብኩት የአማርኛ መምህር ሆኜ፣ ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። የምኖረው ባላቸው የሞቱባቸውና ልጅ ያልወለዱ አንዲት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ግቢ ነበር። ክፍሎቹ ተወርሰው ኪራዩን የምንከፍለው ለቀበሌ ቢሆንም፣ ግቢው ለሁላችንም የእትዬ ግቢ ነበር። ጎረቤቴ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ህንዳዊ ነው። ዕድሜው አርባ አምስት ገደማ፣ ቀጭን፣ ከአሰላ ብርድ የተነሳ ሹራብ በሹራብ ላይ የሚደርብ ሰው ነበር።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ከክፍል ሲወጣ ደብተሩን ይዞ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«ተማሪዎቼን ‹ሉክ አፍተር› በቋንቋችሁ ምንድን ነው ብላቸው፣ ሁሉም ‹ከኋላ ማየት› አሉኝ። ልክ ነው?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ሉክ ማየት ነው፣ አፍተር በኋላ ነው። ልጆቹ ምን ያድርጉ?»

«‹ቴክ ኬር ኦፍ› ማለት እኮ ነው፤ ለበሽተኛ ሲሆን ደግሞ ‹ናርስ›። በል አንድ የአማርኛ ቃል ስጠኝና ነገ ሰሌዳ ላይ ልጻፍላቸው።»

«ለማን የሚሆን?» አልኩት። ልጅ ያሳድጋሉ፣ ከብትና ቤት ይጠብቃሉ፣ ያረጀ ወላጅ ይጦራሉ፣ የታመመ ሰው ያስታምማሉ። መንከባከብ የሚባል ለሁሉም የሚሆን ቃል አለ፤ ግን እቤት ውስጥ ሰው ሲያወራ ብዙም አይሰማም። እሱ ሁሉንም በራሱ ፊደል ጻፋቸውና «ማስታመም» ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼ ከመታመም ጋር ይዛመዳል?»

«ይዛመዳል።»

«ታዲያ አብሮ መታመም ማለት ነው?»

አማርኛ አስተማሪው እኔ ነኝ፤ አስቤበት ግን አላውቅም ነበር። «እንጃ» አልኩት።

ሐምሌ ገባ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የጭላሎ ተራራ ለቀናት በደመና ተሸፍኖ ቀረ። አንድ ጠዋት እትዬ በሬን አንኳኩ። «ያ ሰውዬ ከትናንት ጀምሮ አልወጣም። ግባና እየው።» ገብቼ ሳየው በትኩሳት ይቃዣል። በጋሪ ሐኪም ቤት ወሰድነው። የሳንባ ምች ነው ተባለ። አልጋ ስለሞላ መርፌውን እየተመላለሰ እንዲወጋ ነገሩንና መልሰን አመጣነው። ክፍሉን ልከፍት ስል እትዬ ከለከሉኝ።

«እዚያ በረዶ ቤት አይተኛም። ወደኔ አስገባው።»

የራሳቸውን አልጋ ለቀቁለትና እሳቸው መደብ ላይ አነጠፉ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የሚሉት፤ ትኩሳቱን በመዳፋቸው ከለኩ በኋላ ግን «አንተ» ሆነ።

መጀመሪያ ያቀረቡለት የዶሮ መረቅ ነበር። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ።

«ሥጋ አይበላም፣ እትዬ» አልኳቸው።

«በፍስክም?»

«በፍስክም።»

«ዕድሜ ልኩን?»

«ዕድሜ ልኩን።»

ሳህኑን እንደያዙ ተቀመጡ። «እኛ ሁለት ወር ጾምን ብለን ስንኩራራ!» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ የገብስ አጥሚት ያፈሉለት ጀመር፤ ከኅብረት ሱቅ በኩፖን ያገኙትን ስኳርም እዚያ ውስጥ ጨረሱት። ወተት ሲጠጣ ያዩት ቀን ግን ግራ ገባቸው። «ጾመኛው ወተት ይጠጣል እንዴ?» ይፈቀድለታል ስላቸው «የራሱን እሱ ያውቃል» ብለው ኩባያውን እንደገና ሞሉለት።

እሑድ እትዬ ከቀበሌ ስብሰባ ቀሩ። ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ መጣ።

«እትዬ፣ ከስብሰባ ቀርተዋል። የውጭ ዜጋም ቤትዎ አስገብተዋል ይባላል። ምን እየሠሩ ነው?»

«እያስታመምኩ ነዋ!»

«ያለ ፈቃድ?»

«ትኩሳቱ ፈቃድ ጠይቆ መጣ እንዴ?»

ሊቀመንበሩ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። በሽተኛው ያስላል። ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሰው እንዳይሰማው ግራ ቀኙን አየና «እግዜር ይማርህ» ብሎ ሄደ። ስለ ስብሰባው ዳግመኛ የጠየቀን አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ህንዱ ተነሥቶ ግቢው ውስጥ መራመድ ጀመረ።

በዓመቱ በበልጉ ዝናብ እትዬ ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁና ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። ወጌሻ በቀርከሃ አሠረላቸው፤ ለሁለት ወር እንዳይቆሙም ተነገራቸው። በማግሥቱ ህንዱ መምህር ከረባቱን እንዳሠረ ጀሪካን ይዞ ቦኖ ወረደ። ውኃ ቀድቶ፣ ቤት ጠርጎ፣ ሻይ አፍልቶ ወደ ክፍል ሄደ። በየቀኑም እንደዚያው አደረገ። ሠፈሩ ጉድ አለ። እትዬ ከሁሉም በላይ አፈሩ።

«ተው ልጄ፣ ሰው ምን ይለኛል!»

እሱ መልሱን ከደብተሩ አዘጋጅቶ ነበር። ፊታቸው ቀጥ ብሎ ቆመና በጥንቃቄ፣ ቃል በቃል፣ «እትዬ፣ እኔ እርስዎን አሳድጋለሁ» አላቸው።

እትዬ የታሠረው እግራቸው እስኪያማቸው ሳቁ። «ወይ ጉዴ፣ በዚህ ዕድሜዬ! በል አሳድገኝ፤ ጥርስ ግን አላበቅልልህም።»

ምን እንዳጠፋ ጨነቀው፤ ወደ እኔ ዞረ። «አሳድጋለሁ አይባልም፤ እጦራለሁ ነው...» ብዬ ማስረዳት ስጀምር እትዬ እጃቸውን አነሡብኝ።

«አታርመው! ጧሪማ ብዙ ሰው አለው። እኔን ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገኝ የለም።»

ይህን ተርጉሜ ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ ጠረገ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ውሉ አለቀና ወደ አገሩ ሄደ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘነው። እትዬ በጨርቅ የቋጠሩትን በሶ ሰጡትና ወደ እኔ ዞረው «ሲደርስ ይጻፍልኝ በለው» አሉኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ራሱ «እጽፋለሁ እትዬ» አለ።

ጻፈም። በእንግሊዝኛ የሚጽፋቸውን ደብዳቤዎች በአማርኛ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። በቆጂ ከተዛወርኩ በኋላ እንኳ ደብዳቤ መጣ ሲባል ቅዳሜ እወርዳለሁ። ስለ አየሩ፣ ስለ እህቱ ልጆች፣ አጥሚት ለማፍላት ሞክሮ እንዳረረበት ያወራል። እትዬ ሁለት ጊዜ ያስነብቡኝና ወረቀቱን መልሰው በፖስታው ያስቀምጡታል።

እትዬ ለሳምንት ታመው ያረፉት የካቲት ላይ ነው፤ እኔም ፈቃድ ጠይቄ ከበቆጂ ወርጄ ነበር። ጻፍኩለት። መልሱ አጭር ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ቀኖች ማን አጠገባቸው እንደነበረ ብቻ ይጠይቃል። ጎረቤቶቹና እኔ በየተራ እንደነበርን፣ ብቻቸውን ያደሩበት ቀን እንዳልነበረ ጻፍኩለት።