በኢቃማ ታላቄ

እህቴ በእውነት ስትቆጠር በአራት ዓመት ታናሼ ናት። በኢቃማችን፣ በመኖሪያ ፈቃዳችን ላይ ግን በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ይህን ሲሰማ የማይገረም ሰው ካለ፣ አንድ ልጁን ለኳስ፣ አንዷን ደግሞ ለአረብ አገር ሥራ የሰጠ ሰው ብቻ ነው።

ሁለታችንም ዕድሜያችንን ያጣነው በአንድ ክረምት ነው። እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ደላላው አየት አደረጋትና ለቤት ሥራ እንዲህ ለጋ አይቀበሉም አለ፤ ፓስፖርቷ ሲመጣ ሃያ ሰባት ሆና አገኘናት። እኔ ሃያ ሦስት ነበርኩ፤ ለወጣት ቡድን ተፈልጌያለሁ ተባልኩ። የቡድኑ ጸሐፊ እግርህ ደህና ነው፣ ችግሩ ዕድሜህ ነው አለኝና አሥራ ሰባት አድርጎ ጻፈኝ። እናታችን ሁለቱን ፓስፖርት በሁለት እጇ ይዛ እስክትደክም ሳቀች። አንዱ ልጄ ወደ ኋላ ሄደ፣ አንዷ እኔ ሳላያት አደገች አለች። አባታችን ያኔ ሞቷል፤ ቢኖር አይስቅም ነበር።

ከዚያ ክረምት በኋላ ያለው ኑሮዬ ሩጫ ነው። በአገር ቤት ስድስት ዓመት፣ ካርቱም ሁለት፣ ኦማን አንድ፣ ከዚያ ደማም። የተከላካይ አማካይ ነኝ፤ ሌላው ኳስ ይዞ እንዲያምርበት ከኋላው እየሮጠ የሚጠርግ ሰው ማለት ነው። ማንም ማልያህን ልግዛ ብሎኝ አያውቅም። ክለቡ ከዝቅተኛው ሊግ ነው፤ ከተመልካቹ ቁጥር የጥበቃው የሚበልጥበት ቀን አለ። ልምምድ ከመግሪብ በኋላ ነው፣ ግን ፀሐይ ብትጠልቅም ከባሕሩ የሚመጣው ወበቅ አይጠልቅም፤ ሳትሮጥ ላብህ ይወርዳል። የቀኝ ጉልበቴ ከኦማን ጀምሮ አልጤሰም እንጂ ነዷል። አል ጀለዊያ ያለው አፓርታማዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍቱ ሲበላሽ የምወርደው ሰው እንዳያየኝ ዙሪያዬን ቃኝቼ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኖህ ሠላሳ መሆን ያደክማል። በቃ፣ ሌላ ቃል የለኝም፤ ያደክማል።

እህቴ እኔ ስመጣ ጎረቤት ከተማ ኾበር፣ አል ራዋቢ ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዓርብ ከሰዓት ትለቃታለች። ኮርኒሽ ላይ እንገናኝና ባሕሩን ፊት ለፊት ይዘን ሳምቡሳ እንበላለን። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ጋሼ ትለኛለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሌላ ስም አላወጣችልኝም። ሰው ፊት ግን ይህ አይሆንም። በወረቀት አርባ የሆነች ሴት የሠላሳ ዓመት ጎረምሳን ጋሼ ብትል ማን ዝም ይላል? ስለዚህ ተማከርን፤ ሰው ሲኖር እኔ እትዬ እላታለሁ፣ አንቱ እላታለሁ፣ እሷም አንተ ልጅ ትለኛለች። መጀመሪያ ላይ ወዳው ነበር። ውኃ አምጣ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ምን ያንቀዠቅዥሃል። አቤት እትዬ እያልኩ እነሣለሁ፤ እሷ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ትውጣለች። በአራተኛው ዓመት ግን ሳቁ አለቀ፣ ልማዱ ብቻ ቀረ።

ይህን ልማድ በይበልጥ የምንጠብቀው በአንድ ቤት ነበር። የክለባችን አውቶቡስ ሹፌር የወሎ ሰው ናቸው፤ ሐጂ ነው የምላቸው። ከነቤተሰባቸው አል ሙሐመዲያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል፣ ልጆቻቸው እርስ በርስ የሚጣሉት እንኳ በአረብኛ ነው። ያገሬ ልጅ ነህ ብለው በመጣሁ በወሩ ለምሳ ጠሩኝ፤ እህቴን ይዤ ሄድኩ፣ ከዚያ በኋላ ቤተኛ ሆንን። ግን የክለቡ ሹፌር ናቸው። የእኔን እውነተኛ ዕድሜ ማወቅ የሌለበት ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው አልኩ። የተጭበረበረ ዕድሜ ከተገኘብኝ ውሌ መሰረዙ ብቻ አይደለም፤ ካፊሌ፣ ዋሴ ማለት ነው፣ ክለቡ ስለሆነ ኢቃማዬም አብሮ ኸላስ ነው። በዚያ ቤት እትዬ ማለትን አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም።

ያለፈው ዓመት ክረምት ላይ የሐጂ የወንድም ልጅ እህቴን ወደዳት። ኤሲ ጠጋኝ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሁልጊዜ የተቧጠጠ። የሐጂን ቤት ኤሲ ሊሠራ መሰላል ላይ ወጥቶ ሳለ መሰላሉን የያዘችለት እህቴ ናት። ከዚያ ወዲያ ያ ኤሲ በየሳምንቱ ዓርብ ይበላሽ ጀመር። የሐጂ ሚስት አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

እህቴ የነገረችኝ ኮርኒሽ ላይ ነው፣ ዓይኗን ከባሕሩ ሳታነሣ። እወደዋለሁ ጋሼ አለችኝ። እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ሠላሳ ሁለት ሞላኝ፣ የሰው ልጆች ሳሳድግ ኖርኩ፣ ጊዜው ሳያልፍብኝ የራሴን መውለድ እፈልጋለሁ አለች። እሱ አርባ እንደሆነች ነው የሚያውቀው፤ እውነቱን ልትነግረው ትፈልጋለች፣ ግን ከእኔ ፈቃድ ሳታገኝ አትነግረውም። የእሷ ሲወጣ የእኔም ይወጣላ። ለጋብቻ አገር ቤት መጠየቁ አይቀርም፣ እዚያ ደግሞ ታናሼ መሆኗን የማያውቅ የለም፤ እሷ ሠላሳ ሁለት ከሆነች እኔ በምን ሒሳብ ሠላሳ እሆናለሁ?

ደስ አለኝ፤ ወላሂ ደስ አለኝ። ግን ውሌ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፣ አሠልጣኙም አንድ ዓመት ሊያስፈርመኝ ቃል ገብቷል። እስክፈርም ብቻ ታገሺኝ አልኳት። ፊርማው ይለፍ፣ ከዚያ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። እሺ ጋሼ አለች። መቼ እንቢ ብላኝ ታውቃለች?

ነገሩ ግን ፊርማውን አልጠበቀም። የልጁ እናት ከአገር ቤት ደውላ የልጅቷን ዕድሜ ጠየቀች። የሐጂ ሚስት አንድ ጊዜ እህቴን ክሊኒክ ሲያደርሷት ኢቃማዋን አይተውት ነበርና አርባ አሉ። እናትየው ልጄን ለእኩያዬ ልትድሩብኝ ነው ወይ ብላ ስልኩን ዘጋች። ልጁ ግን አልተወም። አጎቱ እግር ላይ ወደቀ፣ ይጣራልኝ አለ። ሐጂም ጠሩን፤ ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ። እኔ የምፈርመው እሑድ ነው። በመሃል ያለችው ቅዳሜ ብቻ ናት።

ወንዶቹ መጅሊሱ፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ተቀመጥን፤ ሐጂ፣ ልጁና እኔ። ሴቶቹ ቀጥሎ ባለው ክፍል ናቸው፣ በሩ ገርበብ እንዳለ። ሻይ ቀረበ፣ የአየሩ ነገር ተወራ፣ የጉልበቴ ነገር ተጠየቀ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም አልኩ። ልጁ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም፤ የሱሪውን ጉልበት በጣቱ ይፈትግ ነበር። ከዚያ ሐጂ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አባት የላችሁም። ወሊዋ አንተ ነህ፤ ኒካሕ ሲታሰር ስለ እሷ የሚናገረው አንተ ነህ። ወረቀት የሚለውን ተወው፣ ወረቀታችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። እህትህ ታላቅህ ናት ወይስ ታናሽህ?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። አንድ ቃል ነው የሚመልሰው። አፌን ከፈትኩ። የታየኝ ግን ልጁ አልነበረም፣ እህቴም አልነበረችም፤ የታየኝ የእሑዱ ቢሮ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ታየኝ፤ ኳስ የሌለው፣ ሙያ የሌለው፣ የሚያነክስ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው።  የሻይ ብርጭቆዬን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ያኔ ከበሩ ወዲያ የእህቴ ድምፅ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ ምንም የማይንቀጠቀጥ።

«ታላቁ ነኝ። ጡት ከጣለ ጀምሮ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»

ሐጂ ግን አሁንም እኔን ነበር የሚያዩት። ወሊው እኔ ነኝና ከእኔ ይጠብቁ ነበር። ልክ ናት፣ አልኩ። በእውነት ያዘልኳት እኔ ነበርኩ። እናታችን ገበያ ስትሄድ ጀርባዬ ላይ ታስራት ነበር፤ ኳስ የጀመርኩትም እሷን እንዳዘልኩ ነው፣ ስሮጥ ትስቅ ነበር። ያን ሁሉ እያስታወስኩ ነው ልክ ናት ያልኩት። ልጁ ተነሣ፣ አጎቱን አስፈቀደና የኤሲ መጠገኛ ዕቃውን ይዞ ወጣ።

ወደ ኾበር ስመልሳት አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ቢሆንልኝ ብትሰድበኝ ነበር የምመርጠው። አል ራዋቢ ደርሰን ስትወርድ እሑድ ስትፈርም ደውልልኝ ብቻ አለች። እሑድ ፈረምኩ፣ ደወልኩላት፣ አልሐምዱሊላህ አለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የክለቡ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ብዙ ጊዜ ታጠብኩ፤ ለሰው ሙቀት ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት መናገር ደስ አይለኝም። አዲስ አሠልጣኝ መጣ፣ ከሴኔጋል አንድ ብላቴና አማካይ መጣ፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በዓመቱ ሜዳ የገባሁት አራት ጊዜ ነው፣ እሱም ሰዓት ለማባከን። አውቶቡሱ ውስጥ ግን በየቀኑ እገባለሁ። ሐጂ ሰላምታቸውን አንድ ቀን እንኳ አላጓደሉብኝም፤ ጤናዬን ይጠይቃሉ፣ የእህቴንም ይጠይቃሉ። ለምሳ መጥራቱ ግን ቀረ። ልጁ በረመዳን ዋዜማ አገር ቤት ሄዶ እናቱ ያጨችለትን አግብቶ ተመለሰ።

አንድ ቀን ከሌሎቹ ቀድሜ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ሐጂና እኔ ብቻ ነን። ከኋላቸው ተቀመጥኩና ሳላስበው አፌ አወጣው፤ እህቴ በአራት ዓመት ታናሼ ናት አልኳቸው። ወደ ኋላ አልዞሩም፣ መስታወቱን ነው የሚያስተካክሉት።

«አውቃለሁ» አሉ።

ማን ነገረዎት አልኳቸው። ማንም አሉ። ሃያ ዓመት ኳስ ተጫዋች አመላልሻለሁ፤ የሰውን ዕድሜ ከአውቶቡስ ሲወርድ ነው የማየው፣ አንተ እኔ እንደምወርደው ነው የምትወርደው አሉኝ። ለክለቡ ይነግሩብኛል ብዬ ነው የፈራሁት ስላቸው ሳቅ አሉ፤ የደከመ ሳቅ ነው። እሱን ልናገር ብል ከዚህ አውቶቡስ ግማሹን ማውረድ ነበረብኝ አሉ። ታዲያ ካወቁ ለምን ለልጁ አልነገሩትም አልኳቸው። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ እኔም አላውቅ፣ ብቻ ተናደድኩ።

አሁን ዞረው አዩኝ። «ወሊዋ ከተናገረ፣ እሷም በአፏ ካጸናችው፣ እኔ በምን አፌ ላፍርሰው? እኔ እንዲያ አድርጌ የጠየቅኩህ እንድትነግረን ብዬ ነበር።»

ሴኔጋላዊው ልጅ እየዘለለ ገባ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሐጂ ሞተሩን አስነሡ።

ውሌ ባለፈው ወር አለቀ፤ አላደሱልኝም። የመውጫ ቪዛዬ፣ ኹሩጁ፣ ተመትቶ ሻንጣዬን ካሰርኩ በኋላ አል ራዋቢ እህቴን ልሰናበታት ሄድኩ። የማዳሟ ትንሽ ልጅ ቀሚሷን ይዞ በአረብኛ ይነጫነጫል፤ አነሣችውና ጀርባዋ ላይ አደረገችው። ሐጂ ያሉኝን ልነግራት ነበር የሄድኩት፤ ያወቁት ከመጀመሪያው ነው፣ ቢነገራቸው ምንም አይመጣም ነበር፣ በከንቱ ነው ያጣሽው ልላት። እሷ ኳስ አታይም። በዚያ ዓመት ምን ያህል እንደተጫወትኩ አታውቅም፤ ጠይቃኝም አታውቅም።

ልጁን ከፍ አድርጋ እያስተካከለች ፈገግ አለችልኝ።

«ያቺን ዓመት ግን ተጫወትክባት፤ አልከሰርንም» አለችኝ።

አዎ፣ አልከሰርንም አልኳት።