ዙፋንና ቀዩ ኪኒን

ወረታ ውስጥ፣ ከደብረ ታቦር መገንጠያ ትንሽ ገባ ብሎ ካለው የሩዝ መፈልፈያ ቤት ደርሶ ዙፋንን የማያውቅ ገበሬ የለም። ከፎገራ ሜዳ ሩዙን በአህያም በጋሪም ጭኖ የመጣ ሁሉ በእጇ ያልፋል። ማሽኑን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ድምፁ ትንሽ ሲሻክር “አቁሙት፣ ሩዙን ሊሰባብረው ነው” ትላለች፤ ሲከፍቱት እንዳለችው ሆኖ ይገኛል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠርታለች። ስለ ማሽኑ ሁሉም ይጠይቃታል። ስለ ገዛ ሰውነቷ ግን ባልም፣ ሐኪምም፣ ባለ መድኃኒት ቤትም እሷን ሳይጠይቁ ነበር የሚወስኑት፤ እኔንም ይህን ነገር ሳስብ ደም ሥሬ የሚገታተረው እዚህ ላይ ነው።

አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ የወር አበባዋ ቀረ። አልከፋትም፤ እንዲያውም ስትጠብቀው የኖረችው ነበር። ከባሏ ከደሳለው ጋር በሰማንያ ተጋብተው ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረዋል፤ ካረጠች በኋላ ግን እንደ ከተማው ትልልቅ ባልና ሚስት አብረው ሊቆርቡ ቃል ነበራቸው። ቤተ ክርስቲያን ገብታ፣ ከባሏ ጎን ቆማ፣ ሥጋ ወደሙ መቀበል ነው የዙፋን ምኞት። ሌላ ብዙ ነገር ተመኝታ አታውቅም።

ከማረጡ ጋር ግን እሳት መጣ። ከደረቷ ይነሣና አንገቷን ይዞ እስከ ግንባሯ ይወጣል፤ ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ይጣበቃል። እንቅልፍ የሚባል ጠፋ። ለደንበኛ ክፉ ቃል ወጥቷት የማያውቅ ሴት፣ አንድ ቀን ጆንያ ያጋደለ ሽማግሌ ላይ ጮኻ፣ ወዲያው ከማሽኑ ጀርባ ገብታ አለቀሰች። ጎረቤቶቿ “ማረጥ ነው፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው” ብለው ተዉአት። ደሳለው ደግሞ ብልሃት አገኘሁ ብሎ ወንዛዬ ይዟት ሄደና ሰባት ቀን ፍል ውሃ ውስጥ አስቀመጣት። በቁሟ ለምትቃጠል ሴት የፈላ ውሃ! በሦስተኛው ቀን “ምነው፣ ልትቀቅለኝ ነው ያመጣኸኝ?” አለችው። እሱ ግን ሰባቱ ቀን ካልሞላ አይሠራም ብሎ እምቢ አለ።

ከወንዛዬ እንደተመለሰች ባሕር ዳር የምታስተምረው ልጇ ነፃነት መጥታ ወሰደቻትና የማሕፀን ሐኪም ዘንድ አቀረበቻት። ዶክተር ሰውመሆን ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ችኩል ነው። ደም ግፊቷን ለካ፣ ጡቷን መረመረ፣ እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ያውቅ እንደሆነ፣ በዘሯ የጡት ካንሰር ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ሰውነቷ ማምረት ያቆመውን ሆርሞን የሚተካ ኪኒን ነው ብሎ አንድ ፓኮ አዘዘላት፤ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ። በየቀኑ አንድ፣ መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ቀዩን፣ ሲያልቅ ያለ ዕረፍት አዲስ ፓኮ። ይህ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው።

እውነት መናገር ነው፣ መድኃኒቱ ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት እሳቱ በረደ። ዙፋን ተኝታ ነጋላት፤ ስትነቃ ወፍ ሲንጫጫ ሰማችና የት እንዳለች ግራ ገባት። ማሽኗ ዘንድ ሄዳ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቀች።

ወሩ ሲያልቅ ደም መጣ።

ካንሰር መሰላት። ነፃነት ለዶክተሩ ደወለችና ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት። “አይዞዎት፣ የመድኃኒቱ ባሕርይ ነው። በየወሩ ይመጣል” አላት እየሳቀ። “እንዲያውም ብዙ ሴቶች ወጣትነታቸው የተመለሰ እየመሰላቸው ደስ ይላቸዋል።”

ደስ ይላቸዋል! ዙፋን ስልኩን ለልጇ መልሳ ቁጭ አለች። ያ ደም ባለበት ቀን ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ይህን በፎገራ ጥጃ የሚጠብቅ ሕፃን ያውቀዋል። የተማረ ሰው እንዴት ይጠፋዋል? ከአሁን በኋላ በየወሩ ቅጽር ግቢው ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር፣ ከልጃገረዶችና ከአራሶች ጋር ልትቆም ነው። አምሳ ዓመቷ ነው፤ ልጃገረዶቹ አይተው ይጠቃቀሱባታል። መጠቃቀሳቸውም አልቀረም።

ዓመት ከምናምን እንዲህ ሄደ። የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ኪዳን ለ2004 ዓ.ም. ፍልሰታ ተዘጋጁ ብለው ቀን ቆረጡላቸው። ከዚህ ወዲያ ደሳለው ዕረፍት ነሣት። ደሳለው በድሮው ዘመን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በመተማ መንገድ የት የት እንዳደረ የሚያውቀው ጎማው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ነጠላውን አጣፍቶ ከደጀ ሰላም የማይጠፋ ሰው ሆኗል። “ያንን ነገርሽን አስተካክይ” ይላታል ጠዋት። “አስተካከልሽ?” ይላታል ማታ። የተጣመመ በር ይመስል!

አንድ ቀን ማሽኑን ለሠራተኛ ትታ ወደ በላቸው መድኃኒት ቤት ሄደች። በላቸው ፓኮውን ከባሕር ዳር የሚያስመጣላት ሰው ነው፤ ሐኪም ባይሆንም ከተማው ሁሉ “ዶክተር” ይለዋል፤ እሱም አልሰለቸውም። ችግሯን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው።

“እትዬ ዙፋን፣ ለዚህ ነው የሚጨነቁት?” አላት ፓኮውን ገለበጥ አድርጎ። “ደሙን የሚያመጣው ቀዩ ነው። ቀዩን ይጣሉት፣ ነጩን ብቻ ይዋጡ።”

“ምንም አይለኝም?”

“ምን ይልዎታል! እኔ አለሁ አይደል?”

አሳምራ አምናው ወጣች። በተለይ ያ ደም የሚባለው ነገር ከቀይ ኪኒን እንደሚመጣ ማን ይጠራጠራል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀዮቹን እየፈለቀቀች ከሩዝ ገለባ ጋር ትጥላቸው ጀመር። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት፣ ሰኔና ሐምሌም እንዲሁ። አንዲት ጠብታ የለም። እሳቱም አልተመለሰም። ደሳለው “አየሽ፣ ሲፈልጉ ይሆናል” አለ፤ እሱ ያስተካከለው ይመስል።

ፍልሰታ ገባ። ንስሓቸውን ጨርሰው፣ ቀኖናቸውን ፈጽመው፣ ከአልጋ ተለይተው ጾሙን ያዙ። በቀጠሯቸው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ቅዳሴው ሲጀመር ሁለቱም ነጭ በነጭ ለብሰው ውስጥ ቆመዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዙፋን እግሯ ቢዝልም ፊቷ በርቷል።

ካህናቱ ሥጋ ወደሙን ይዘው ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው በጭኖቿ መሃል ሙቀት ተሰማት። እንደ ድሮው ትንሽ አይደለም፤ ይወርዳል። ነጠላዋን ወደ ታች ጎትታ፣ ዞራ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እየተጋፋች ወደ በሩ አመራች። “ምን ነካት?” ሲሉ ሰማች። የሚቆርቡት አብረው ነውና ደሳለውም ተከትሏት መውጣት ግድ ሆነበት።

እሷ ዝናብ ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ እሱ “አዋረድሽኝ!” አላት። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ይህ ነው። ደም እየፈሰሳት ያለችውን ሚስቱን “ምን ሆንሽ?” አላላትም።

በማግስቱ ዙፋን ብቻዋን መኪና ተሳፍራ ባሕር ዳር ወረደች። ዶክተር ሰውመሆን የሆነውን ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ። “ማነው ቀዩን ይተዉ ያለዎት? ነጩ የማሕፀንን ውስጠኛ ገጽ ያወፍራል፤ ቀዩ ነው ከልክ እንዳያልፍ የሚይዘው። ያለ ቀዩ አምስት ወር! ወደ ካንሰር ሊሄድ እንደሚችል ያውቃሉ?”

“አላውቅም” አለች ዙፋን። ከወንበሯ ተነሣች። “ከየት ላውቀው ነው? ነገርኸኝ? ጡትዎን አልኸኝ፣ እግርዎን አልኸኝ፣ የእናቴን ሞት ሳይቀር ጠየቅኸኝ። ደም መምጣቱ እኔን ምን እንደሚያሳጣኝ ግን አልጠየቅኸኝም። በስልክ ሳቅህብኝ። እዚህ ብነገር ኖሮ በላቸው ዘንድ ምን እፈልጋለሁ?”

ዶክተሩ ካርዷን ገልጦ ወደ ታች አየ። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ሰምተዋል። በኋላ ቀና ብሎ “ልክ ነዎት፣ ጥፋቱ የኔ ነው” አለ። ዙፋን ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበርና ተቀመጠች።

በአልትራሳውንድ አያት፣ ከማሕፀኗ ናሙና ወስዶ ላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ልጇ ቤት ተቀመጠች፤ ምግብ አልወርድ ብሏት ከሳች። ክፉ ነገር አልተገኘባትም። ያኔ ነው ዶክተሩ አስቀምጦ በዝግታ የነገራት። መንገዱ ሁለት ነው። ሆርሞኑን ጭራሽ መተው ትችላለች፤ እሳቱ ሊመለስ ይችላል፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ወይም ትለውጣለች፤ ነጩና ቀዩ የሚሠሩት ሥራ በአንድ ፍሬ ውስጥ ተደባልቆ በየቀኑ የሚዋጥ ሌላ ዓይነት አለ፤ ከአዲስ አበባ ይመጣል። እሱ የወር ደም አያመጣም።

“ይህን ለምን በፊት አልሰጠኸኝም?”

“በፊት እጄ ላይ የነበረው ያኛው ነው። መፈለግ ነበረብኝ፣ አልፈለግሁም።” ቀጥሎም “አንድ ነገር ግን ልንገርዎት” አለ። “ሰውነትዎ እስኪለምደው፣ እስከ ስድስት ወር ድረስ፣ አልፎ አልፎ ጠብ ሊል ይችላል። በየትኛው ቀን እንደሆነ መናገር አልችልም። ከዚያ ካለፈ ወይም ከበዛ ይምጡ።”

ስድስት ወር! ዙፋን እስከ ወረታ ድረስ መኪናው ውስጥ ይህንኑ ስታመነዥክ መጣች። ብትተወው ለሚመጣው በዓል ትደርሳለች፤ ማሽኗ ዘንድ ግን ልትቆም አትችልም፣ ሰውም ትሳደባለች፣ እንቅልፍም የላትም። ብትለውጠው ትጠብቃለች። የጉማራን ድልድይ ሲሻገሩ ውሃው ሜዳውን ሞልቶት ነበር፤ እሷ ግን አላየችውም።

ከመኪና እንደወረደች በቀጥታ አባ ገብረ ኪዳን ዘንድ ሄደች። ሳታፍር ሁሉንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው ዐይናቸውን መሬት ተክለው አዳመጡና “መድኃኒት ተዪ ብዬ አልፈርድብሽም ልጄ” አሉ። “ደም ካለ አይገባም፣ ይህን ታውቂዋለሽ። እስኪጠራ ጠብቁ። ቀኑን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ።”

ቤቷ ስትገባ ደሳለው ቆሞ ነው የጠበቃት። ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ እጁን አወናጨፈ።

“ስድስት ወር? ብሞትስ? ተዪው በቃ ይህን መርዝ! ላብ ሰው ገድሎ ያውቃል? እናቶቻችን በምን አለፉት?”

“አንተ መቼ አልቦህ ያውቃል!” አለችው።

“ሰዉስ? ደጀ ሰላም ላይ መሪጌታ በየቀኑ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?”

ዙፋን ያን ጊዜ ነው አንጀቷ ውስጥ ሲያር የኖረው የወጣው። “እኔን ስንት ዓመት ጠየቁኝ? ልጆቻችንን ክርስትና ባስነሣን ቁጥር ‘መቼ ነው የምትቆርቡ?’ ሲሉኝ ምን አልሁ? ‘ደሳለው መተማ ሴት አለችው’ አልሁ? ‘እኔ ገና ነኝ’ አልሁ። ‘እኔ አልተዘጋጀሁም’ አልሁ። ደብሩ ሁሉ ዙፋን ዓለም አልጠገበችም ብሎ አማኝ፤ አንተን ግን ማንም አላማህም። ሠላሳ ዓመት ስምህን ሸፍኜ ጠበቅሁህ። አንተ ስድስት ወር መጠበቅ አቃተህ?”

ደሳለው የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ።

“መድኃኒቱን እለውጣለሁ” አለች። “ስንት ወር እንደሚፈጅ ይፍጅ። መሪጌታ ሲጠይቁህ የኔን አካል ደጀ ሰላም ላይ አትዘርዝር። እኔ ያኔ ላንተ ብዬ ያልሁትን አንተም በል።”

አዲሱን ኪኒን በጀመረች በወሩ፣ አንድ እሑድ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ በሰው ፊት ደሳለውን ክንዱን ያዙት። “ምነው፣ ቀኑን ተዉት እኮ! ወይዘሮዋ አሁንም አልቆረጡም እንዴ?” አሉ እየሳቁ። ዙፋን ትንሽ ጠብ ብሎባት ከዛፉ ሥር፣ ከልጃገረዶቹ መሃል ቆማ ትሰማለች። ደሳለው ዞር ብሎ አያት። እሷም አየችው፤ ዐይኗን አልሰበረችለትም።

“የለም መሪጌታ” አለ፣ ነጠላውን እየነካካ። “እሷ ከቆረጠች ሠላሳ ዓመቷ ነው። ገና የነበርሁት እኔ ነኝ። አሁን እኔ ነኝ የምጠብቃት።”

መሪጌታ ክንዱን ለቀቁት። ዙፋን አልሳቀችም፣ አላመሰገነችውም፣ ንዴቷም አልበረደላትም። ኪኒኗን የምትውጥበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ወደ ቤቷ ሄደች።