ቃል በቃል የተረጎምኩት ቀልድ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

በጣሊያን ሥዕል ታሪክ የዶክትሬት ማዕረግ አለኝ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ማዕረጌን የፈለገው ሰው ስላልነበረ ክሊኒክ ለክሊኒክ እየዞርኩ ለሀበሻ ሕመምተኞች ማስተርጎም ያዝኩ። ከዓመታት በፊት ጋሽ በላቸው የሚባሉ ሽማግሌ ከልጃቸው ከሰብለ ጋር ለማስታወስ ችሎታ ምርመራ መጡ። ሜፕልዉድ በምትባል የከተማ ዳርቻ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ በቤታቸው ይቆዩ እንደሆነ የሚወስነው ያ ምርመራ ነው።

ተራ ስንጠብቅ ጋሽ በላቸው ትክ ብለው አዩኝና፣ «ዶክተር ናት ይሉሻል። ታዲያ የሰው አፍ ሆነሽ ቀረሽ?» አሉኝ።

«አባዬ፣ ተው እንጂ፤ ሰው ታስቀይማለህ» አለች ሰብለ።

ፈገግ ብዬ አለፍኩት። አላለፍኩትም።

ሰብለ ውጭ ቀረች፤ እኛ ገባን። ግድግዳው ላይ የቬኒስ ሥዕል ቅጂ ተሰቅሏል፦ ከተማዋን በሚሰነጥቀው ሰፊ ቦይ ላይ የበዓል የጀልባ ውድድር፣ በወርቅ ያጌጡ ታንኳዎች፣ ሰገነቱን ሁሉ የሞላ ሕዝብ። ሐኪሟ ወደ ሥዕሉ አመልክታ ምን እንደሚያዩ ጠየቀቻቸው።

«ይሄማ ጥምቀት ነው» አሉ። የት እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ «ጃንሜዳ ነዋ። ውሃው በዝቶባቸው በጀልባ መጡ እንጂ» ብለው ሳቁ።

ሰው የበዛበትን ሁሉ ጥምቀት እንደምንል የማያውቅ ሀበሻ አለ? እኔ አውቅ ነበር። የአስተርጓሚ ደንቡም እንዲህ ያለውን አነጋገር እንዳብራራ ይፈቅድልኛል። እኔ ግን ቃል በቃል፣ ደረቅ አድርጌ ተረጎምኩት። አልጨመርኩም፤ አላጎደልኩም። «ቀልድ ነው» የምትለዋን ብቻ ነፈግኳቸው። ሳቃቸውን ሐኪሟ ራሷ አይታ ጻፈችው፤ እንደ ሕመም ምልክት።

የቀረው የምርመራ ውጤታቸው በማለፍና በመውደቅ አፋፍ ላይ ነበር። ብቻቸውን እንዳይኖሩ ተወሰነ፤ አማርኛ የሚሰማ አንድም ሰው የሌለበት የአረጋውያን ማቆያ ገቡ። መጀመሪያ መናገር ተዉ። ቀጥሎ መብላት።

ስለሰደቡኝ ነውን? አልሰደቡኝም። እውነት ተናገሩ፤ የቀጣኋቸውም ስለዚሁ ነው። እኔ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ሥዕሉንም ቀልዱንም የማውቅ ብቸኛ ሰው፣ እኔ አደረግኩት።

ይቅርታን ከእናንተ አልለምንም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው ሰብለ ናት፤ እርሷ ደግሞ በአባቷ ለቅሶ ቤት አንገቴን አቅፋ፣ «አንቺ ባትኖሪ ማን ይናገርለት ነበር? እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ። የቀረበልኝንም ንፍሮ በላሁ።