ስንቅ ይዛ የሄደችው መኪና

የፈረንጆች ዓመት ሊያልቅ ሲል ሬዲዮው «አሮጌ መኪናዎን ይለግሱ፣ ከታክስዎ ያስቀንሱ» ማለት ይጀምራል። ሌላው ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ታክሱ ያስብ ይሆናል፤ እኔን ግን አፍንጫዬን ይበላኛል። እየነዳሁ ከሆነ አስነጥሳለሁ፣ ከዚያ ብቻዬን እስቃለሁ። ልጆቼ ከኋላ ሆነው «ማም፣ ምን ያስቅሻል?» ይሉኛል በእንግሊዝኛቸው። ነገሩ ረጅም ስለሆነ «ቤት ስንደርስ» እላቸዋለሁ፤ ቤት ስንደርስ ደግሞ ሁሉም ወደየክፍሉ ይበተናል። እንግዲህ ለእናንተ ላውራላችሁ። ፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ በሚሏቸው ዓመታት እዚህ ሚኒሶታ ያደጋችሁ ከሆነ ግማሹን ታውቁታላችሁ።

የምንኖረው ሆፕኪንስ፣ ከአውቶቡሱ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቀይ ጡብ አፓርታማ ውስጥ ነበር። መኪናችን ስቴሽን ዋገን የሚሏት ረጅም ቡናማ የቤት መኪና ነበረች። የመጨረሻው ወንበሯ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ስለነበር እኔና ታናሽ ወንድሜ ዮናስ የምንሄድበትን ሳይሆን የመጣንበትን እያየን ነው ያደግነው። ከኋላችን ለሚነዳ ሰው ሁሉ እጃችንን እናወዛውዝ ነበር፤ ያላወዛወዘልንን ደግሞ ምላስ እናወጣበታለን። አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ አንድ ከረባት ያሰረ ሽማግሌ ፈረንጅ ምላሱን መልሶ አወጣብንና ዮናስ ከሳቁ ብዛት ሱሪው ላይ ሸና።

አፍንጫዬን የሚበላኝ ነገር የመጣው ከእማዬ ነው። አንድ ሰመር ቡርንስቪል ካለች ጓደኛዋ ዘንድ አንድ ፌስታል በርበሬ ይዛ ስትመለስ ፌስታሉን ፊት ለፊቷ ክሩስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። አባዬ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ፌስታሉ ተቀደደና በርበሬው ከመስታወቱ ሥር ሙቅ አየር በሚነፋው የሂተር ቀዳዳ ቁልቁል ወረደ። አባዬ የቻለውን ያህል ጠረገ፣ ነፋ፣ አራገፈ፤ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ክረምት መጥቶ ሂተሩ በተከፈተ ቁጥር አራታችንም በየተራ እናስነጥስ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ዓይናችን ቀልቶ እንባችን ስለሚወርድ፣ የማያውቁን ሰዎች መርዶ የደረሰን እየመሰላቸው «እግዜር ያጽናችሁ» ይሉን ነበር። እማዬ ታዲያ ለማስረዳት ስለምታፍር አንገቷን ደፍታ «አሜን» ትላለች።

ይቺን መኪና አልገዛናትም። እዚህ አገር ስንገባ እኔ ገና አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከስደተኛ ካምፕ የመጣነው የለበስነውን ብቻ ይዘን ነው። የተቀበሉን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ካፖርቱን፣ ፍራሹን፣ ድስቱን፣ ማንኪያውን ሁሉ ሰጡን። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ስቴሽን ዋገኗን እየነዱ መጡ። ታጥባለች፣ ጋዝ ተሞልቶላታል፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስና የልጆች ጓንት ተቀምጧል። ቁልፉን አባዬ መዳፍ ላይ አድርገው፣ እጁን ጨብጠውት፣ ተከትሏቸው በመጣው ልጃቸው መኪና ተመለሱ። አባዬ ከዓይን እስኪጠፉ ድረስ «ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ» እያለ መንገድ ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ያ ቃል አባዬ አፍ ላይ ቀረ። ለፖስተኛው ታንክ ዩ፣ ለአውቶቡስ ሾፌሩ ታንክ ዩ፣ በር ለያዘለት ሕፃን ታንክ ዩ። ሆስፒታል ሥራ ይዞ፣ የራሱን ኪራይ እየከፈለ እንኳ አልተወውም። አንድ ቀን ማታ ለእማዬ ሲያጫውታት ሰምቻለሁ። «እኔ እኮ አገሬ ሳለሁ ሰጪ ነበርኩ። እዚህ አፌ ምስጋና ብቻ ለመደ። አንድ ቀን እንኳ እኔ ሰጥቼ ሰው ቢያመሰግነኝ፣ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል» አላት። እማዬ ብርድ ልብሱን ስባ አለበሰችው።

እና አባዬ ሻል ያለች መኪና ገዛና ስቴሽን ዋገኗ ፓርኪንግ ላይ ቆማ ቀረች። ለአንድ ቤት የሚፈቀደው አንድ መኪና ብቻ ነው ብለው የሕንፃው ሰዎች ይጨቀጭቁት ጀመር። ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚባለው ጎረቤት ከተማ የሐበሻውን ሁሉ ታክስ የሚሠሩ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው «ለበጎ አድራጎት ዶኔት አድርጋት። ዓመቱ ሳያልቅ ከወሰዱልህ ከታክስህ ይቀነስልሃል» አሉት። እማዬ ነገሩ አልገባትም።

«ጽድቅና ታክስን ምን አገናኛቸው?» አለችው። «ከሰጠህ ሰጠህ ነው። መንግሥት ምን ቤት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የአገሩ ወግ ነው» አላት አባዬ። እሱ ግን ከጋሽ መኮንን ንግግር ውስጥ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትሰጣለህ የሚለውን። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ስልኩን አንስቶ ለበጎ አድራጎቱ ድርጅት ደወለ። መኪናዋ ትነሳለች ወይ ብለው ሲጠይቁት «ኦፍ ኮርስ! ቬሪ ጉድ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ጠዋት መጥተው እንደሚወስዷት ቀጠሮ ሰጡት።

ያን ሳምንት ቤታችን የሚዳር ልጅ ያለበት ቤት መሰለ። እኛ የምናውቀው መኪና ሲሰጥ ያየነው ያንኑ አንዴ ነው፤ ስለዚህ የኛም እንደዚያው መሆን ነበረበት። አባዬ በዚያ ብርድ ባልዲ ሙሉ ሙቅ ውኃ እያመላለሰ አጠባት፣ ጋዝ ሞላላት። እኔ ወንበሮቹን በሳሙና ፈተግኩ፣ እማዬ የተቀደደውን ሰፋች። መኪናዋን የምትወስደውን ሴትዮ እማዬ በሐሳቧ ፈጥራት ነበር። ሁለት ልጆች አሏት፣ ሥራዋ ሩቅ ነው፣ ባሏ ትቷት ሄዷል።

«ባሏን ለምን ታባርሪባታለሽ?» አላት አባዬ።

«ባል ቢኖራት መኪና ታጣ ነበር?» አለችው እማዬ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ሴትዮዋ ባዶ መኪና መቀበል አይገባትማ! እማዬ ዳቦ ቆሎ ጠብሳ በትልቅ ቆርቆሮ ሞላች፤ «ለመንገድ ስንቅ ይሆናታል» ብላ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ብርድ ልብስ አጥፋ ኋላ አደረገች። እኔ የስዕል ከለሮቼን ለልጆቿ ሰጠሁ። ዮናስ ግን የኋለኛው ወንበር ላይ ቀበቶውን አስሮ «ኖ ዌይ፣ አልወርድም» ብሎ አለቀሰ፤ በከረሜላ ተደልሎ ነው የወረደው።

ቀኑ ደረሰ። ብርዱ አፍንጫ ውስጥ ያለውን እርጥበት ሳይቀር የሚያደርቅ፣ የኛው የሚኒሶታ ብርድ ነበር። አባዬ ሊያሞቃት ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ አንዴ «እህህ» ብላ ዝም አለች። ደገመ፤ ጭራሽ ድምፅ የለም። አባዬ መሪውን ይዞ ደርቆ ቀረ። «ትነሳለች ብያቸዋለሁ እኮ» አለ። «ካልተነሳች ጥለዋት ይሄዳሉ። ዓመቱ ዛሬ ያልቃል።» እሱን ያስጨነቀው ታክሱ እንዳልነበረ እኔም፣ ልጅ ሆኜ እንኳ፣ ገብቶኛል።

ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ተስፋይ፣ አስመራ ሆነው በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ አዛውንት፣ በመስኮት ያዩን ነበር። በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ኬብል ትከሻቸው ላይ ጥለው ወረዱ። «አጆኻ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ» አሉት። «የኔም ጉልበት ዛሬ በግድ ነው የተነሣው። አንተ አትቸኩልባት።» የራሳቸውን መኪና አጠገቧ አምጥተው፣ የሁለቱን ኮፈን ከፍተው ባትሪውን ከባትሪ አገናኙ። ጠበቅን። እማዬ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ለመኪና ስትጸልይ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። አባዬ ቁልፉን አዞረ፤ መኪናዋ አስላት፣ ተንዘፈዘፈች፣ ተነሣች! እማዬ ፓርኪንጉ መሃል እልልታዋን ስታቀልጠው ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ፈረንጅ መጋረጃዋን ገልጣ አየችን።

ጎታች መኪናው ወዲያው መጣ። ሾፌሩ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ግዙፍ ሰው ነው። በመስኮቷ አጮልቆ ብርድ ልብሱንና ቆርቆሮውን ሲያይ ግራ ገባው። ዕቃው ሁሉ መውጣት አለበት፣ መኪናዋ የምትሄደው ጨረታ ነው አለ። አባዬ «ኦክሽን?» ብሎ ቃሉን ደገመው።

«ምን አለ?» አለችኝ እማዬ።

«ይሸጧታል ይላል።»

«ሴትዮዋስ?» አለች እማዬ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና።

አባዬ ቁልፉን ጨብጦ መሬት መሬቱን ያያል። እንደዚያ ተክዞ አይቼው አላውቅም፤ ልቤ ተሰበረ። ሾፌሩ አንዴ አባዬን፣ አንዴ እናቴን አየና ያጠፋው ነገር እንዳለ ገባው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከሽያጩ የሚገኘው ለልጆች የክረምት ካፖርት እንደሚገዛበት ነገረን፤ ባለፈው ዓመት ሲታደል ራሱ አይቷል።

«ካፖርት?» አለ አባዬ። ቀና አለ። «ለልጆች?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። መኪናዋ ጥሩ ካወጣች ካፖርቱ ይበዛል ብሎ አሰበ መሰለኝ፣ አባዬ አንደኛ ደላላ ሆኖ ቁጭ አለ! ጎማዋን በእግሩ እየመታ አሳየ፤ ክላክሷን ነፋ፤ የኋለኛውን ወንበር አጥፎ ዘረጋ። «ሂተር፣ ቬሪ ስትሮንግ!» ብሎ ሾፌሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ እስከ መጨረሻው ከፈተለት። እኛ ሁላችን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልን። ያ ግዙፍ ሰው ጢሙ እስኪርገበገብ አስነጠሰ፤ አባዬም አብሮት አስነጠሰ። ዮናስ በረዶው ላይ ተንከባለለ። «ጉድ ፎር ኮልድ!» አለ አባዬ እንባውን እየጠረገ፤ ሾፌሩም ዓይኑን እያሻሸ ሳቀ።

ዕቃውን አወጣን። እማዬ ግን የዳቦ ቆሎውን ቆርቆሮ ይዛ ትንሽ አሰበችና ሄዳ ሾፌሩ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችው። «መንገደኛው እሱ ነው» አለች። ሰውዬው ቆንጥሮ ቀመሰ፤ ከዚያ ጭብጥ አድርጎ ቆረጠመ። መኪናዋን አስሮ ከጨረሰ በኋላ ጓንቱን አወለቀና እጁን ለአባዬ ዘረጋ። «ታንክ ዩ፣ ሰር» አለው፣ ዓይን ዓይኑን እያየ።

አባዬ አፉን ከፈተ። የለመደው ቃል ሊወጣ ሲል ሁላችንም አየነው። ከንፈሩን ገጠመ። ከዚያ ቃል በቃል፣ ሳይቸኩል፣ «ዩ አር ዌልካም» አለ። ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ። ጋሽ ተስፋይ በፒጃማቸው ቆመው አጨበጨቡ። ስቴሽን ዋገኗ ፊቷን ወደኛ አድርጋ እየተጎተተች ስትሄድ እኔና ዮናስ እጃችንን አወዛወዝንላት። አባዬ እስክትታጠፍ ቆሞ ሸኛት፤ ወደ ቤት ስንገባ ለእማዬ በር ያዘላትና ሳታመሰግነው ቀድሞ «ዩ አር ዌልካም» አላት። ታክሱማ ተቀንሶለታል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ዲሴምበር እኔም መኪናዬን ለገስኩ። ዘመኑ ቀሏል፤ ምሳ ሰዓት ላይ በስልኬ ፎርሙን ሞላሁ፣ ቁልፉን ያሉኝ ቦታ ተውኩ፣ ሥራ ላይ ሳለሁ መጥተው ወሰዷት። ማን እንደወሰዳት አላየሁም፤ ያጠበ የለም፣ ያስነጠሰም የለም። ማታ «እናመሰግናለን» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ቅዳሜ አባዬ እኛ ቤት ሲመጣ ነገርኩት። አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ጆሮውም ደከም ብሏል፤ ይህን ግን አጥርቶ ሰማ።

«ማን አመሰገነሽ?» አለኝ።

«ኮምፒውተር ነዋ፣ አባዬ። እሱ ለሁሉም ነው የሚልከው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ለኮምፒውተር ምን ይባላል?»

ተቆጣ። «ታዲያ ሰው አመስግኖሽ ዝም ትያለሽ? አውጪው ስልኩን!» አለኝ። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ። ልጆቼም ነገሩ ገርሟቸው ከየክፍላቸው ወጥተው ከኋላችን ቆሙ። እሱ እየነገረኝ ጻፍኩ፤ ሦስት ቃል ነው፣ አንድ በአንድ አስደገመኝ። ላክሁት። አባዬ መነጽሩን አውልቆ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አሁን ሰጠሽ» አለኝ።