አባባ የሚያስቆሙት መኪና

ለአባቴ ሙት ዓመት ደብረ ማርቆስ ሄጄ፣ ዝክሩ አልቆ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ እንግዳው ሁሉ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ፣ እማዬ ከቁም ሣጥኑ ሥር በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ጎትታ አወጣችና «ይሄን ለወንድምሽ ልጆች ልስጣቸው ብዬ ነበር፤ እስቲ መሥራቱን እይልኝ» አለችኝ። የልጅነታችን ፕሌይስቴሽን ነበር። ሶኬቱን ስሰካው መጀመሪያ ምንም አላለም፤ ትንሽ ቆይቶ ውስጡ መሽከርከር ጀመረና ያ ሽታ መጣ፣ የሞቀ ፕላስቲክና የተጠበሰ አቧራ ሽታ። ምን የሚረባ ሽታ ነው እሱ! ግን መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ያ ሁሉ ሰው ሲያጽናናኝ ያልመጣው እንባ በዚህ አቧራ መጣ።

ዕቃውን ያመጣችልን አክስቴ ናት። ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዎቿ ልጆች አዲስ ተገዛላቸውና ይህን ሊጥሉት ሲሉ «ኧረ ለኔ ስጡኝ» ብላ በሻንጣዋ ልብስ መሀል ጠቅልላ ይዛው መጣች። አብሮት የመጣው ሲዲ አንድ ብቻ ነው፣ የመኪና ውድድር። የደረስንበትን የሚያስቀምጥልን ሚሞሪ ካርድ ግን አልመጣም፤ ስለዚህ እኛ ቤት ጌም ማለት ከጠፋ እንደገና ከሀ የሚጀመር ነገር ነበር። መብራት ደግሞ ያው እንደሚታወቀው ነው፤ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። ከግድግዳችን ጀርባ ወፍጮ ቤት ስለነበር መብራት መኖሩን የምናውቀው አምፖል አይተን ሳይሆን ወፍጮው ሲያጓራ ሰምተን ነው። ወፍጮው ዝም ሲል እኔና ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል «ሄደ!» ብለን እኩል እንጮሃለን፤ ያሸነፍነው ሁሉ አብሮ ሄዷላ!

አባባ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከቁይና ከአምበር ጤፍ ጭነው አዲስ አበባ ያራግፋሉ፤ ሲመለሱ ጨውም ሳሙናም ቆርቆሮም፣ የተገኘውን ይዘው ይመጣሉ። የዓባይን በረሃ በዝናብም በጉምም ሲወርዱና ሲወጡ የኖሩት ሰውዬ ዓይናቸውን ታመሙ፤ ሕመሙም ከዳር ጀምሮ እየጨለመ ወደ መሀል የሚገባ ዓይነት ነበር። አንድ ቀን ከግራ በኩል የመጣ ጋሪ ጨርሶ ሳይታያቸው ቀርቶ ለጥቂት ተረፉ። በማግስቱ ማንም ሳይጠይቃቸው ቁልፉን ለመኪናው ባለቤት መለሱ። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እየጠበበ መሄዱ አይቀርም አላቸው፤ ጠበሉንም የዓይን ጠብታውንም ይዘው ቤት ተቀመጡ። ቤት መዋል የማያውቅ ወንድ ቤት ሲውል፣ አይጣል ነው! «ይሄ ለምን እዚህ ተቀመጠ፣ ያ ድስት ለምን አልተከደነም» እያሉ እማዬን ሊያሳብዷት ደርሰው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስንጫወት ወንበራቸውን ስበው ከኋላችን ተቀመጡ። ይበልጣል እንደ ልማዱ ከአጥሩም ከዛፉም እያላተመ ይነዳል። አባባ ጥቂት ታገሡና «ኧረ መሪውን ከዚህ ልጅ እጅ አውጡልኝ፣ መኪናውን ገደለው እኮ!» አሉ። ጆይስቲኩ ለኔ ተሰጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ሹፌር ሆንኩ፣ ይበልጣል ረዳት ሆነ፣ አባባ ደግሞ አዛዣችን ሆኑ፤ እማዬም ትንሽ ዕረፍት አገኘች።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ውድድሩ መሀል ላይ አንዲት ትንሽ የፈረንጅ ከተማ አለች፤ ከአስፋልቱ ዳር የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፣ ጣሪያው ጫፍ ላይ መስቀል አለው። አንደኛ ሆኜ እየመራሁ በዚያ በኩል ሳልፍ አባባ «ቁሚ!» ብለው ጮኹ። ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከወንበራቸው ተነሡ፣ አማተቡ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ ብለው ተሳለሙና «አንችስ?» አሉኝ። ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አድርጌ እኔም አማተብኩ። ከኋላችን የነበሩት መኪኖች እያፏጩ አለፉን። ይበልጣል ራሱን ይዞ «አባባ፣ ጌም እኮ ነው! ደግሞ የኛ አይደለም፣ የፈረንጅ ነው!» ቢል «መስቀል የለውም?» አሉት። «አለው፣ ግን…» «እንግዲያው ምን ትጨቀጭቀኛለህ! ያን ሁሉ ዘመን ገደል ለገደል ስነዳ የጠበቀኝ ማን ሆነና ነው?» አሉና ባርኔጣቸውን መልሰው አድርገው፣ ተደላድለው ተቀምጠው፣ «በይ እንሂድ» አሉኝ። እሳቸው «በይ እንሂድ» ሳይሉ መንቀሳቀስ አይታሰብም ነበር።

ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ማቆሚያ አለ። የድሮ የዓባይ ሹፌር ከደጀን አልፎ አፋፉ ላይ ሳይቆም አይወርድም፤ ጎማውን መታ መታ ያደርጋል፣ ፍሬኑን ያያል፣ ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ታች ያለውን በረሃ ቆሞ ያያል። አባባ ይህን ሥርዓት ለጌሙም አላስቀሩም። ውድድሩን የሚጨርሰው ቁልቁለት አናት ላይ አስቁመውኝ «ፍሬኑ ይብረድ» ይላሉ፤ እኛም ቁጭ ብለን እናያለን። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ማየት የተማርኩት እዚያ ነው። ከዚያ በፊት ስንቴ በርሬ ያለፍኩት ድልድይ ሥር ወፎች እንዳሉ፣ የጥዱ ጫካ ላይ ያለው ጉም ቀስ እያለ እንደሚሄድ፣ ሩቅ ካለው ቤት አንዱ መስኮት እንደ በራ እንደሚኖር ያወቅሁት ቆመን ስናይ ነው። አባባ ደግሞ ዝም ብለው አያዩም፤ «ያን ማሳ አላረሱትም፣ ምን ነካቸው?» ይላሉ፤ «ይሄ መንገድ ክረምት ላይ ይናዳል፣ ታያለሽ» ይላሉ። እንስቃለን። እናም ሁልጊዜ የመጨረሻ እንወጣለን።

የመጨረሻ መውጣታችን ባልከፋ፤ የጌሙ ካርታ ጫፍ ላይ ግን ሰማያዊ ነገር ነበር። «ምንድን ነው?» አሉኝ አንድ ቀን። «ባሕር ነው» አልኳቸው። በረዳትነታቸው ዘመን አሰብ የሚመላለሱ ሽማግሌ ሹፌሮች ስለ ባሕር ሲያወሩላቸው አድገዋል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨው ጭነዋል፣ ጨው የሚመጣበትን ውሃ ግን አላዩም። «እንግዲህ ዓይኔ ሳይዘጋ እሷን ባያት ደስ ባለኝ» አሉ። በዚያን ጊዜ ወንበራቸው ከኋላችን ተነሥቶ ከፊታችን ደርሶ ነበር፤ በየሳምንቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ፣ ጠጋ ይላሉ። የባሕሩ መንገድ ደግሞ የሚከፈተው ውድድሩን ሁሉ በአንደኝነት ለጨረሰ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ እየቆምን እንዴት ብለን!

መላውን ያገኘችው እማዬ ናት። ጆይስቲክ ነክታ የማታውቀው እማዬ ወንፊቷን ይዛ በር ላይ ቆማ ጭቅጭቃችንን ስትሰማ ቆየችና «ከመነሣታችሁ በፊት በመንገዱ ያሉትን ሁሉ አንድ ላይ ተሳለሙና ሂዱ። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከደጁ አይደል እንዴ የሚሳለመው?» አለች። አባባ ወዲያው አልተቀበሉም። እሑድ ቅዳሴ ደርሰው ሲመለሱ ግን «እናታችሁ ያለችው ያስኬዳል» አሉን። የቁልቁለቱን ነገር ግን ንክች የለም፤ ፍሬን ፍሬን ነው አሉ። ለሱ ደግሞ ይበልጣል ዛፎቹ መሀል አንድ አቋራጭ አጥንቶልኝ፣ ቆመንም የሚተርፈን ጊዜ ተገኘ።

አንድ ቅዳሜ ወፍጮው ከጠዋት ጀምሮ ሳያቋርጥ ያጓራ ነበር። ተሰልፈን ቆመን፣ ተሳልመን፣ ጀመርን። ይበልጣል «ግራ! ቀኝ! አቋራጩ!» እያለ፣ እጄ በላብ እየተንሸራተተ፣ አፋፉ ላይ በቆምን ቁጥር ልቤ ከወፍጮው በላይ እየመታ፣ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ጨረስንና መንገዱ ተከፈተ። መኪናዋን አሸዋው ላይ አወጣኋትና ቆምኩ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፣ ውሃው ማለቂያ የለውም።

አባባ አፍንጫቸው የቴሌቪዥኑን መስታወት ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። የቀራቸው ብርሃን እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ስለነበር ባሕሩን በአንድ ጊዜ ማየት አልቻሉም፤ ራሳቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያደረጉ፣ ቁራጭ በቁራጭ ነው ያዩት። «ይች ማዕበል ቅድም የመጣችው ናት» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያችው ማዕበል ነበረች እየተመላለሰች የምትመጣው፣ እኛ አላየናትም። እማዬ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና «ጨው ጨው ይሸታል?» ብትላቸው «ኧረ አቧራ አቧራ ነው የሚሸት» ብለው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ከሰማን ስንት ጊዜ ሆኖን ነበር!

በዚያው ቅጽበት ድርግም አለ። አባባ ከመስታወቱ ሳይነሡ ቆዩ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ የሳቸው በማይመስል ድምፅ፣ «መብራቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» አሉ። «መብራቱ ነው አባባ፣ ወፍጮውን ይስሙ፣ ዝም አለ» አልኳቸው። አዳመጡ። ትከሻቸው ወረደ፣ «ተመስገን» አሉ። የደከምንበት ሁሉ ጠፍቶ ሳለ ያን ቀን ማናችንም አልጮኽንም።

ክረምቱን እንደዚያው ከሀ እየጀመርን ስንቴ ወደ ባሕሩ ወረድን! ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን አሸዋው ላይ እንደቆምን፣ ቴሌቪዥኑ በሰማያዊ ተሞልቶ፣ ማዕበሏ እየመጣች፣ አባባ ፊታቸውን እንዳስጠጉ «መብራት ሄደ እንዴ?» አሉ። እማዬ ከኋላችን ነበረች። «አዎ፣ ሄደ» አለቻቸው። ይበልጣል በጉልበቱ ድኾ ሄዶ ቴሌቪዥኑን ቀስ ብሎ አጠፋው። ወፍጮው ግን ከግድግዳው ጀርባ እያጓራ ነበር፤ ለካ ማናችንም ወፍጮውን አላሰብነውም! አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዳመጡት። ከዚያ «እንግዲህ ሲመጣ እንጫወታለን» አሉ። ዳግመኛ ስለ ጌሙ አልጠየቁም፣ እኛም አልከፈትነውም።

ከዚያ በኋላ በጨለማቸው ብዙ ዓመት ኖሩ። አምና ሲያርፉ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ነው ያለቀስኩት። ዓባይን ሲሻገሩ የኖሩ ሰው ልጅ፣ አባቷን ለመቅበር አንድ ጊዜ መሻገር አቃታት። ይህ ያንገበግበኛል፣ ምን አባቴ ላድርግ። ወፍጮ ቤቱም ፈርሷል፤ በቦታው ፎቅ ተጀምሮ ብረቱ ቀርቷል፣ ቤታችን ጸጥ ብሏል።

መሬቱ ላይ እንደተቀመጥኩ ጌሙ ተከፈተ። ለመሞከር ብዬ ነዳሁ፤ እጄ መንገዱን አልረሳም። ትንሿ ከተማ ስደርስ እግዜር ይወቅ እንዴት እንደሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ፍሬን ይዤ አገኘሁት ራሴን። መኪኖቹ እያፏጩ አለፉኝ። እማዬ ጓዳ ሆና የሞተሩን ድምፅ መለወጥ ሰማች መሰለኝ፣ «ተሳለምሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ውድድሩ አልቋል፣ መንገዱ ላይ ማንም የለም፣ ሞተሩ ብቻ ድም ድም ይላል። ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ፤ «በይ እንሂድ» የሚለኝ የለም።